ቦንሳይን ከዘር ስለማሳደግ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቦንሳይ፣ ማለትም ጥልቀት በሌለው ሳህን ውስጥ እየተገረዘ የሚያድግ ዛፍ፣ ትንሽ ስለሆነ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በትንሹ መያዝ አለበት የሚለው እምነት፣ ከዘር የሚጀምሩ ሰዎች ለሚፈጽሟቸው ስሕተቶች ዋነኛው ምንጭ ነው። ትንሽነት የሥራው ውጤት እንጂ መነሻው አይደለም። ከዚህ በታች የተነሡት አብዛኞቹ አመለካከቶችም በአንድ ወይም በሌላ መንገድ ከዚሁ እምነት የመነጩ ናቸው።

«የቦንሳይ ዘር የተለየ ዘር ነው»

የተለየ ዘር የለም። በዚህ ስም ታሽጎ የሚሸጠው የጃፓን ጥቁር ፓይን፣ የሜፕል፣ የቻይና ኤልም ወይም የሌላ ተራ ዛፍ ዘር ሲሆን፣ መሬት ላይ ቢተከል እንደ ማንኛውም ወገኑ ረጅም ዛፍ ይሆናል። ዛፉን በትንሽነቱ የሚያቆየው ቅርንጫፉንና ሥሩን በየጊዜው መግረዝ እንዲሁም የሚያድግበትን ቦታ መወሰን ነው። ይህ ማለት ግን የዝርያ ምርጫ ለውጥ አያመጣም ማለት አይደለም። የቅጠል መጠን በአገራረዝ እያነሰ ሊሄድ ይችላል፤ አበባና ፍሬ ግን ዛፉ ስላነሰ አያንሱም፤ ስለዚህ ተፈጥሯዊ ቅጠሉም ፍሬውም ትንሽ የሆነ ዝርያ መምረጥ ይሻላል። በቀለሙ ወይም በቅርጹ ከተወደደ ምርጥ የሜፕል ዛፍ የተለቀመ ዘርም እናቱን የሚመስል ችግኝ እንደሚሰጥ መጠበቅ አይገባም።

«ዘር አፈርና ውሃ ካገኘ ይበቅላል»

ብዙ ዛፎች ግን ዘራቸው ቀዝቃዛው ወቅት ማለፉን «እስኪያረጋግጥ» ድረስ አይነቁም። የጃፓን ሜፕል ዘር እርጥብ አሸዋ ውስጥ ተቀምጦ ከ1 እስከ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ቅዝቃዜ ለ3 ወራት ወይም ከዚያ በላይ መቆየት ያስፈልገዋል፤ ለዚህም የማቀዝቀዣ የታችኛው ክፍል በቂ ነው። በአንጻሩ የግራር ዘር ችግሩ ጠንካራ ሽፋኑ ነው፤ የፈላ ውሃ ፈስሶበት እዚያው ውስጥ አንድ ቀን ሲያድር ሽፋኑ ይላላል። ዘሩ «የሞተ ነው» ተብሎ ከመጣሉ በፊት የትኛው ዓይነት እንደሆነ ማጣራት ይገባል።

«ችግኙ እንደበቀለ ወደ ቦንሳይ ሳህን መዛወር አለበት»

ከሁሉም የከፋው ስሕተት ይህ ነው። የቦንሳይ ውበት የሚጀምረው ከሥር ወፍሮ ወደ ላይ እየቀጠነ ከሚሄድ ግንድ ሲሆን፣ ግንድ የሚወፍረው ደግሞ ቅጠሎች በሚያመርቱት ምግብ በየዓመቱ አዲስ የእንጨት ሽፋን ሲጨመርበት ነው። ቅጠሉ ጥቂት ከሆነና ሥሩ ጠባብ ሳህን ውስጥ ከታጨቀ ይህ ጭማሪ ከምንም አይቆጠርም፤ ዛፉ በሕይወት ቢቆይም ከዓመታት በኋላ እንኳ ግንዱ እንደ እርሳስ ቀጭን ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ችግኙ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መሬት ላይ ወይም ሰፊ የመትከያ ዕቃ ውስጥ በነጻነት ማደግ አለበት። ልምድ ያላቸው አሳዳጊዎች ከግንዱ ታችኛ ክፍል የወጣን አንድ ቅርንጫፍ ሆን ብለው ሳይነኩ ረጅም እንዲሆን ይለቁታል፤ ቅርንጫፉ ከእርሱ በታች ያለውን ግንድ ካወፈረ በኋላ ይቆረጣል። ግንዱም በተፈለገው ውፍረት ሲደርስ ዝቅ ተደርጎ ተቆርጦ፣ ከጎኑ የሚወጣው አዲስ ቀንበጥ መሪ ሆኖ እንዲቀጥል ይደረጋል። ይህ ሲደጋገም ነው ግንዱ ደረጃ በደረጃ የሚቀጥነው።

«ሥር መቁረጥ ዛፍን ማሠቃየት ነው»

ስጋቱ ከርኅራኄ የመነጨ ስለሆነ ሊናቅ አይገባም። ሆኖም በትክክለኛው ወቅት የተቆረጠ ሥር ከቁራጩ አጠገብ ብዙ ቀጫጭን ሥሮችን ያወጣል፤ ውሃና ማዕድን የሚመጡትም በእነዚሁ ነው። ዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ አርቦሬተም (ዛፎች ለጥናትና ለዕይታ የሚያድጉበት ሥፍራ) ውስጥ ያለው የያማኪ ቤተሰብ ነጭ ፓይን እ.ኤ.አ. ከ1625 ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ነው፤ በ1945 ከሂሮሺማው የአቶሚክ ቦምብ ተርፎ በ1976 ለአሜሪካ ተበርክቷል። ሲገረዝና ሥሩ ሲቆረጥ ለዘመናት የኖረ ዛፍ ተሠቃይቷል ብሎ ማለት አስቸጋሪ ነው።

«ቦንሳይ የቤት ውስጥ ተክል ነው»

ፓይን፣ ጥድና ሜፕል የውጭ ዛፎች ናቸው፤ ፀሐይ፣ ነፋስና የቀዝቃዛ ወቅት እረፍት ካላገኙ ቀስ በቀስ ይደክማሉ። ብዙ ብርሃን በሚያስገባ መስኮት አጠገብ ሊኖሩ የሚችሉት እንደ ፊከስ (የሾላ ወገን) ያሉ የሞቃት አካባቢ ዝርያዎች ናቸው።

«በየቀኑ ጥቂት ውሃ መርጨት ይበቃል»

ቅጠልን ማርጠብ ሥርን አያጠጣም። ጣትን 1 ወይም 2 ሴንቲሜትር ያህል ወደ አፈሩ አስገብቶ መድረቅ መጀመሩን ማረጋገጥ፣ ከዚያም ውሃው ከታች ባሉት ቀዳዳዎች እስኪፈስ ማጠጣት ትክክለኛው መንገድ ነው። የተራ ጓሮ አፈር ጥልቀት በሌለው ሳህን ውስጥ ተጣብቆ አየር ስለሚያሳጣ፣ እንደ ፐሚስ ያለ ጠጠር መሰል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይመረጣል።

«ሽቦ በቆየ ቁጥር ቅርጹ ይጸናል»

ቅርንጫፍን አጥፎ ቅርጽ ለማስያዝ ሽቦ ይጠመጠምበታል፤ ቅርንጫፉ ሲወፍር ግን ሽቦው ወደ ልጡ እየገባ ለብዙ ዓመታት የማይጠፋ ጠባሳ ያትማል። በተለይ በፈጣን እድገት ወቅት በየሳምንቱ መታየት አለበት፤ መንከስ ሲጀምርም ከመጠምጠሚያው መልሶ ከመፍታት ይልቅ በየዙሩ እየቆረጡ ማውጣት ቅርንጫፉን ከመሰበር ያድነዋል። ቅርጹ ካልጸና አዲስ ሽቦ በሌላ መሥመር ይጠመጠማል።

«ከዘር መጀመር ጊዜ ማባከን ነው»

ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ልምድ ያላቸው ሰዎች ሲሆኑ፣ በከፊል እውነት አላቸው፤ ቅርጽ ለማውጣት የሚበቃ ችግኝ ለማግኘት ከ3 እስከ 5 ዓመት፣ ለዓይን የሚሞላ ዛፍ ለማየት ደግሞ ከ10 ዓመት በላይ ያስፈልጋል። ነገር ግን ከችግኝ ጣቢያ የተገዛ ዛፍ ሊሰጥ የማይችለው ነገር አለ። የጥቁር ፓይን ችግኝ ገና መርፌ መሰል ቅጠሎቹን ሳይዘረጋ ግንዱ ከአፈሩ ወለል አካባቢ በስለታም ምላጭ ተቆርጦ፣ ሥር ማውጫ ሆርሞን ተቀብቶ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ሲተከል፣ አንዱ ወፍራም ዋና ሥር ቀርቶ ከዙሪያው እኩል የተዘረጉ ሥሮች ይወጣሉ። ያረጀ ዛፍ ላይ ይህን ሥር ማስተካከል እጅግ አድካሚ፣ አንዳንዴም የማይቻል ነው። ከተዘሩት ውስጥ አንዳንዶቹ ሳይበቅሉ፣ አንዳንዶቹም ግንዳቸው ከአፈሩ ወለል ላይ በሻጋታ በስብሶ ስለሚጠፉ፣ በርከት አድርጎ መዝራትና እስከዚያው ድረስ ከችግኝ ጣቢያ በተገዛ ዛፍ አገራረዝን መለማመድ ሁለቱን መንገዶች አብሮ ለመሄድ ያስችላል።