4,294,967,297፦ ብቸኛ ቁጥር የሚመስለው

ይህ ቁጥር 2³² + 1 ነው። የፈረንሳዩ የሒሳብ ሊቅ ፒየር ደ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 በዚሁ መንገድ (2¹ + 1፣ 2² + 1፣ 2⁴ + 1፣ 2⁸ + 1፣ 2¹⁶ + 1) የሚገኙት 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ብቸኛ ቁጥሮች መሆናቸውን፣ ማለትም ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ እንደሌላቸው አይቶ፣ ቀጣዩም እንደዚያው ነው ብሎ ገመተ። ግምቱ ስህተት ነበር፤ ዛሬም በቁጥሩ ዙሪያ የሚደጋገሙ ስህተቶች አሉ።

«በትንንሾቹ ካልተካፈለ ብቸኛ ነው»

ጎዶሎ ስለሆነ በ2 አይካፈልም። የአኃዞቹ ድምር 59 ስለሆነ በ3ም አይካፈልም። እንዲህ እያሉ 115 ብቸኛ ቁጥሮችን ቢሞክሩ ሁሉም ቀሪ ይተዋሉ። 116ኛው 641 ነው፦ 641 × 6,700,417 = 4,294,967,297።

«አካፋዩን ለማግኘት ሁሉንም በየተራ መሞከር ግድ ነው»

ብቸኛ ያልሆነ ቁጥር ከስኩዌር ሩቱ የማይበልጥ አካፋይ አለው። የቁጥሩ ስኩዌር ሩት ከ65,536 በጥቂቱ ይበልጣል፤ እስከዚያ 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። አካፋዩን እ.ኤ.አ. በ1732 ያገኘው የስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ነው። ፍለጋውን የሚያሳጥረው ግን የቁጥሩ አሠራር ነው፦ ቁጥሩን የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ሁሉ ለ64 ሲካፈል 1 መቅረት አለበት። ይህን የሚያሟሉት በቅደም ተከተል 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ናቸው። በአምስተኛው ሙከራ ይገኛል ማለት ነው።

ለማረጋገጥም ረጅም ማካፈል አያስፈልግም፤ ይህ መንገድ እጅግ ውብ ነው። 641 = 5 × 2⁷ + 1 ስለሆነ 5 × 2⁷ ለ641 ሲካፈል ቀሪው −1 ነው (ማለትም ለሙሉ ብዜት 1 ይጎድለዋል)። አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 5⁴ × 2²⁸ ይሆናል፤ ቀሪው 1። ደግሞም 641 = 5⁴ + 2⁴ ስለሆነ በ5⁴ ቦታ −2⁴ን መተካት ይቻላል። ስለዚህ የ−2³² ቀሪ 1 ነው፤ 2³² + 1 ምንም አይተርፈውም።

«አካፋዩ ካልታወቀ ብቸኛ አለመሆኑን ማሳየት አይቻልም»

ይቻላል። ለ4 ሲካፈል 1 የሚቀረው ብቸኛ ቁጥር የሁለት ካሬዎች ድምር የሚሆነው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ይህኛው ግን ሁለት መንገድ አለው፦ 65,536² + 1² እና 62,264² + 20,449²።

«የፌርማን ፈተና ካለፈ ብቸኛ ነው»

ቁጥሩን N እንበለው። ፈተናው እንዲህ ነው፦ N ብቸኛ ከሆነ፣ N የማያካፍለውን ማንኛውንም ቁጥር (መነሻ) ወደ N − 1 ከፍ አድርገን ለN ስናካፍል 1 መቅረት አለበት። በፈተናው 2ን ወደ N − 1 ከፍ አድርገን ለN ስናካፍል 1 ይቀራል፤ አለፈ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የ2³² ቀሪ −1፣ የ2⁶⁴ ደግሞ 1 ነው፤ N − 1 ደግሞ የ64 ብዜት ነው። በ2 ፋንታ 3ን ብንወስድ ቀሪው 3,029,026,160 ይሆናል፤ ወደቀ። መውደቅ ቁርጥ ማስረጃ ነው፣ በአንድ መነሻ ማለፍ ግን አይደለም።

«ኮምፒውተር አይሳሳትም»

ኮምፒውተር ቁጥርን የሚይዘው በቢት፣ ማለትም በ0 እና 1 አኃዞች ነው። በ32 ቢት የሚያዘው ትልቁ ቁጥር 4,294,967,295 ነው፤ N እዚያ ሲገባ 1 ሆኖ ይቀመጣል። 64 ቢትም ለፈተናው አይበቃም፦ 2ን እያባዛን 2³² ላይ ስንደርስ የሚቀጥለው ካሬ 2⁶⁴ ነው፤ ከመጠኑ አልፎ 0 ይሆንና ከዚያ በኋላ ያለው ስሌት ሁሉ 0 ይሆናል። ማባዣው ከ64 ቢት በላይ መያዝ አለበት።