«አፍርሰህ ብትሠራው ይሻላል» እና ሌሎች የሰለቹኝ ወሬዎች

ጎንደር ውስጥ አሮጌ ቤት እያደስኩ ነው የምኖረው። ሥራው አይሰለቸኝም። የሚሰለቸኝ ቡና ላይ የሚወራው ነው። ሰሞኑን ደግሞ «ካርቦን» የሚባል ነገር ተጨምሮበታል፤ አየሩን የሚያሞቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማለታቸው ነው።

«ካርቦን የፈረንጅ ጣጣ ነው።» አይደለም። መንግሥት በ2004 ዓ.ም ይፋ ያደረገው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ሲሚንቶን በስሙ ይጠራዋል። በክሊንከሩ (ከኖራ ድንጋይ ተጋግሮ በሚወጣው፣ ተፈጭቶ ሲሚንቶ በሚሆነው) ፈንታ በከፊል ፑሚስ የተባለውን ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እያስገቡ የሚወጣውን ካርቦን መቀነስ አንዱ ዕቅድ ነው። ፒፒሲ የምንለው ሲሚንቶ እኮ እንዲህ የተደባለቀ ነው።

«የራሴን ቤት ለማደስ ማንን አስፈቅዳለሁ?» የውስጡን ቀለም ቀባ፣ ማንም አይጠይቅህም። ግድግዳ ልታፈርስ ወይም ክፍል ልትቀጥል ከሆነ ግን ፈቃድ አውጣ። ቤቱ በቅርስነት ከተያዘ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለብህ።

«እንደ አውሮፓ ግድግዳውን ሙቀት መከላከያ ማልበስ ነው።» እነሱ ብርዱን የሚያልፉት በአብዛኛው ጋዝና ሌላ ነዳጅ እያነደዱ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከሚፈጀው ኃይል 40 በመቶ ያህሉ ሕንፃ ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ ፖሊሲያቸው ግድግዳና መስኮት ላይ ቢያተኩር አይገርምም። እኛ ግን መብራታችን በአብዛኛው ከውሃ ነው። ሲበርደን ጋቢ እንደርባለን። የእኛ ሕንፃ ካርቦን አብዛኛው ገና ሰው ሳይገባበት፣ ሲሚንቶውና ፌሮው ሲመረት ወጥቶ አልቋል።

ለዚህ ነው «አፍርሰህ አዲስ ብትሠራው ለአየሩም ይሻላል» ሲሉኝ ደሜ የሚፈላው። ሲሚንቶ የሚጋገረው 1,450 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ከነዳጁ ጭስ ይልቅ የሚበዛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚወጣው ደግሞ ከራሱ ከኖራ ድንጋዩ ነው። እንደ ዓይነቱ ከአንድ ኩንታል ሲሚንቶ ጀርባ ከ60 እስከ 90 ኪሎ አለ። የአያትህ ቤት ድንጋይ ግን ተፈልፍሎ፣ ተጠርቦ፣ ቆሞልሃል።

አራዳ አካባቢ አንዲት እናት ጠሩኝ። «ልጄ፣ ግድግዳው ያልበዋል። አሜሪካ ያለው ልጄ ይፍረስና ጂ ፕላስ ዋን ይሠራ ይላል» አሉኝ። ሂሳቡን ሠራሁት፤ ከ500 ኩንታል በላይ ሲሚንቶ። ከ30 ቶን የማያንስ ካርቦን ማለት ነው።

«እማማ፣ መጀመሪያ ጣሪያውን ልየው» አልኳቸው። አሸንዳው ተበስቷል። ውሃው ግድግዳው ሥር ይጠራቀማል። ከዚያ በላይ ደግሞ አንዱ ብልጥ ግንበኛ በጭቃ የተገነባውን ድንጋይ በሲሚንቶ ለስኖታል። ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል። ቤቱ አላረጀም፣ ታፈነ እንጂ! ልስኑን አራገፍን፣ አሸንዳ ቀየርን፣ ውሃ መውረጃ ቦይ ቆፈርን፣ በኖራ ለሰንን። በቀጣዩ ክረምት ግድግዳው አላላበም።

ይህን ለማመን እኔን መስማት አያስፈልግም። የፋሲል ግንብን ጣሊያኖች በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በሲሚንቶና በአርማታ ጠግነውት ነበር። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ድጋፍ የተደረገው ጥገና ያንን እያነሳ በኖራ ተካው።

«ኖራም ሲቃጠል ካርቦን ያወጣል» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። ግን የሚቃጠለው 900 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ግድግዳ ላይ ሲደርቅም ከወጣው ከፊሉን ከአየር መልሶ ይስባል። ሲሚንቶም ትንሽ ይስባል፣ ግን በጣም በዝግታ።

እንግዲህ ቤታችሁ ካላበ ግንበኛ ከመጥራታችሁ በፊት ዝናብ ሲዘንብ ውጡና ውሃው የት እንደሚወርድ እዩ። አሸንዳ ጥረጉ። አሮጌ ድንጋይ ላይ ሲሚንቶ አታስለስኑ። አዲስ ልስን የግድ ከሆነና ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ ፒፒሲ ይበቃል፤ ያልተደባለቀውን፣ ኦፒሲ የሚባለውን ሲሚንቶ ለኮለንና ለሶሌታ ተዉት። የሚያፈርስ ሰው ቢመጣም ድንጋዩን ለገልባጭ መኪና አትስጡ፤ ለአጥር ይሆናል።

የእማማ ልጅ አሁንም ይደውላል አሉ። «መቼ ነው የሚፈርሰው?» ይላል።