«ልዩ የኢኮኖሚ ቀጣና» ምንድን ነው?

በኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አካባቢ ባሉት ሻይ ቤቶች ስለ ባሕር በር ሳይወራ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ከጅቡቲ ተነሥተው በሚሌና በባቲ በኩል የወጡት ተሳቢዎች ተራቸውን እስኪያገኙ ድረስ ሹፌሮቹ፣ ረዳቶቻቸውና ትራንዚተሮቹ (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚዎቹ) ቁጭ ብለው ይከራከራሉ፤ ከመካከላቸውም እ.ኤ.አ. በ1998 ጦርነቱ መንገዱን እስኪዘጋው ድረስ አሰብ ሲመላለሱ የኖሩ አንጋፋ ሹፌሮች አሉ። በቅርቡ አንድ ወጣት ትራንዚተር «ወደብ ይኑረን እንጂ ዓሣውም ጋዙም አብሮ የእኛ ይሆናል» ሲል ሰማሁት፤ ጠረጴዛውን የከበቡትም ተስማሙለት። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በወደብ መጠቀምና በባሕር ሀብት ላይ መብት ማግኘት በሕግ ፊት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ ልዩነታቸውን ለመረዳትም «ልዩ የኢኮኖሚ ቀጣና» የሚባለውን ጽንሰ ሐሳብ ማወቅ ግድ ይላል።

ልዩ የኢኮኖሚ ቀጣና ማለት የባሕር ጠረፍ ያለው አገር ከጠረፉ መነሻ መስመር ሲለካ እስከ 200 የባሕር ማይል ድረስ፣ በውሃው ውስጥ፣ በወለሉ ላይና ከወለሉ በታች ያለውን ሀብት የመፈለግ፣ የማልማት፣ የመጠበቅና የማስተዳደር ሉዓላዊ መብት የሚያገኝበት የባሕር ክፍል ነው። አንድ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ስለሆነ፣ 200 የባሕር ማይል ከ370 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል።

ይህን ርቀት የወሎ ሰው በሚያውቀው መንገድ ቢለካው ይቀለዋል። ኮምቦልቻን የባሕር ዳርቻ እናድርጋት። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ ደሴ እስኪገባ ያለው የመኪና መንገድ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። «የግዛት ባሕር» የሚባለው የመጀመሪያው ክልል 12 የባሕር ማይል፣ ማለትም 22 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ደሴ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ያልቃል ማለት ነው። በዚያ ክልል ውስጥ ውሃውም፣ ወለሉም፣ በላዩ ያለው ሰማይም የጠረፉ አገር ነው፤ የሌላ አገር መርከብ ሰላም ሳያውክ ቀጥ ብሎ የማለፍ መብት ብቻ አለው። ልዩ የኢኮኖሚ ቀጣናው የግዛት ባሕሩ ካለቀበት ይጀምራል፤ ርቀቱ ግን ከዚያው ከኮምቦልቻ ሲለካ በከሚሴ፣ በሸዋሮቢት፣ በጣርማበርና በደብረ ብርሃን አልፎ አዲስ አበባ መግቢያ ድረስ ይዘልቃል።

በዚህ ረጅም መንገድ ላይ የጠረፉ አገር ያለው ሥልጣን በሀብቱ ላይ ነው። የማንኛውም አገር መርከብ ያለ ፈቃድ ይጓዝበታል፣ አውሮፕላን ይበርበታል፣ የመገናኛ ኬብልም በወለሉ ላይ ይዘረጋበታል። ዓሣ ማጥመድ፣ ነዳጅ መቆፈር፣ ከነፋስና ከማዕበል ኃይል ማመንጨት፣ ሰው ሠራሽ ደሴት ማቆም ግን የባለ ጠረፉ ፈቃድ ነው። መንገደኛ በሰው ማሳ ዳር ያልፋል እንጂ ነዶ ተሸክሞ አይሄድም፤ የሕጉ መንፈስ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ያለ ፈቃድ ሲያጠምድ የተያዘ መርከብ ቢኖር እንኳ ተገቢው ዋስትና ሲቀርብ መርከቡና መርከበኞቹ በአፋጣኝ እንዲለቀቁ ሕጉ ያዛል፤ አገሮቹ ካልተስማሙ በስተቀርም መርከበኞቹን በዓሣ ጉዳይ ብቻ ማሰር ይከለክላል።

ይህን ሕግ የወለደው የሀብት ሽሚያ ነው። ለረጅም ዘመን ብዙ አገሮች የራሳቸው የሚሉት ከጠረፋቸው ሦስት ማይል ያህል ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ባሕር መርከብና መረብ ላለው ሁሉ ክፍት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ከአገራቸው የብስ ተያይዞ ወደ ባሕር የሚቀጥለው ወለልና በውስጡ ያለው ሀብት በአሜሪካ ሥር መሆኑን አወጁ። ቺሊና ፔሩ በ1947 የ200 ማይል ጥያቄ አነሡ፤ በ1952 ከኢኳዶር ጋር ሆነው በሳንቲያጎ መግለጫ አጸኑት። አይስላንድ ደግሞ ኑሮዋ ዓሣ ስለነበር ክልሏን ከ12 ወደ 50፣ ከ50 ወደ 200 ማይል እያሰፋች ከብሪታንያ ጋር ደጋግማ ተጋጨች፤ የአይስላንድ ጠባቂ ጀልባዎች የብሪታንያ አጥማጆችን የመረብ ገመድ በመቁረጫ እየበጠሱባቸው፣ የብሪታንያ የጦር መርከቦችም አጥማጆቻቸውን ለመከላከል እየመጡ፣ የኔቶ አባል የሆኑት ሁለቱ አገሮች በ1976 ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነታቸውን እስከ ማቋረጥ ደረሱ። በዚያው ዓመት ብሪታንያ 200 ማይሉን ተቀበለች።

በሰፊው የማይነገረውና እኔ ግን ልዘለው የማልፈልገው ነገር የአፍሪካ ድርሻ ነው። «ልዩ የኢኮኖሚ ቀጣና» የሚለውን ሐሳብ በረቂቅ አንቀጽ መልክ ለተባበሩት መንግሥታት የባሕር ወለል ኮሚቴ ያቀረበችው ኬንያ ናት፤ ዓመቱም 1972 ነበር። አዲስ ነጻ የወጡት አገሮች ከሩቅ የሚመጡ ትልልቅ የዓሣ መርከቦች ከደጃቸው እየዛቁ ሲሄዱ ያዩ ነበር፤ በሌላ በኩል ኃያላኑ አገሮች የባሕር ኃይላቸው መተላለፊያ እንዳይዘጋ ይሰጉ ነበር። ሀብቱን ለባለ ጠረፉ፣ ጉዞውን ለሁሉም የሚሰጠው የኬንያ ሐሳብ ሁለቱን ወገኖች አስታረቀ። በ1982 በጃማይካ ሞንቴጎ ቤይ የተፈረመውና በ1994 በሥራ ላይ የዋለው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት ሐሳቡን በአምስተኛው ክፍሉ አሰፈረው።

ወደ ቀይ ባሕር ስንመጣ ነገሩ ይጠብባል። ቀይ ባሕር በጣም በሰፋበት ቦታ እንኳ 355 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአንዱ ዳር የሚለካው 200 ማይል ማዶኛውን ዳር ስለሚያልፍ፣ የማንም ያልሆነ ክፍት ባሕር በመካከሉ የለም፤ ትይዩ የሆኑት አገሮች ወይ በስምምነት ወይ በዳኝነት መስመር ማስመር አለባቸው። ሱዳንና ሳዑዲ ዓረቢያ በ1974 ጥልቁን የመካከል ወለል የጋራ አድርገው ተስማምተዋል፤ ያነሣሣቸውም ከ2,000 ሜትር በታች «አትላንቲስ ሁለት» በሚባለው ጎድጓዳ ሥፍራ፣ በሞቃትና እጅግ ጨዋማ ውሃ ሥር የተከማቸው ዚንክ፣ መዳብ፣ ብርና ወርቅ ያዘለ ጭቃ ነው። ኤርትራና የመን ግን በ1995 መጨረሻ ላይ በሐኒሽ ደሴቶች ምክንያት ተዋግተው ጉዳዩን ለግልግል ዳኝነት ሰጡ። ዳኞቹ በ1998 አብዛኞቹን የሐኒሽ ደሴቶች ለየመን፣ ለኤርትራ ጠረፍ የቀረቡትን ትናንሽ ደሴቶች ለኤርትራ ወሰኑ፤ በ1999 ደግሞ የባሕሩን መስመር አሰመሩ። በውሳኔው ውስጥ እኔን የሚነካኝ ስለ አጥማጆቹ የተጻፈው ነው። ጠረፍ ለጠረፍ ሲሻገሩ የኖሩት የሁለቱም አገር ድሃ አጥማጆች መስመሩ ቢሰመርም በደሴቶቹ ዙሪያ እንደ ልማዳቸው የማጥመድና በማዶኛው ወደብ የመሸጥ መብታቸው ተጠበቀላቸው።

የጸጥታው ጉዳይ ሌላ ነው። ሀብት የመጠበቅ መብት ጠባቂ ከሌለው በወረቀት ላይ ይቀራል። በሶማሊያ መንግሥት በ1991 ከፈረሰ በኋላ የውጭ መርከቦች ያለ ፈቃድ ዓሣዋን ሲዝቁ ከለካይ አልነበረም፤ የባሕር ላይ ዘራፊዎቹም ይህንኑ ማመካኛ አድርገው መርከብ መያዝ ጀመሩ። የባሕር ላይ ውንብድና በሕጉ ትርጉም ከግዛት ባሕር ውጭ የሚፈጸም ስለሆነ፣ የጸጥታው ምክር ቤት በ2008 በውሳኔ ቁጥር 1816 የውጭ የጦር መርከቦች በሶማሊያ የግዛት ባሕር ውስጥም ገብተው ዘራፊዎቹን እንዲከላከሉ መፍቀድ አስፈለገው። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ሁቲዎች በቀይ ባሕርና በባብ ኤል መንደብ በኩል የሚያልፉትን መርከቦች ሲመቱ፣ «ሩቢማር» የተባለችው መርከብ ከ21,000 ቶን በላይ ማዳበሪያ እንደጫነች በ2024 መጋቢት መጀመሪያ ሰጠመች። ያ ማዳበሪያ ለእኛ የተላከ ባይሆንም፣ የቃሉና የተሁለደሬ ወረዳ ገበሬ የሚጠብቀው ማዳበሪያም በጅቡቲ በኩል የሚገባ ነውና የዚያ ባሕር ሰላም ማጣት እዚህ ድረስ ይሰማል።

አሁን ወደ ትራንዚተሩ ልመለስ። ኢትዮጵያ በኪራይም ሆነ በሌላ ውል ወደብ ብትጠቀም፣ ከወደቡ ፊት ለፊት ያለው ቀጣና የባለ ጠረፉ አገር ሆኖ ይቀጥላል፤ ቀጣና የሚመነጨው ከጠረፍ ሉዓላዊነት ነውና። በኮምቦልቻ የተደረደሩት ኮንቴነሮች የሚመለከታቸው የስምምነቱ ክፍል አሥረኛው ነው፤ እርሱም የባሕር በር የሌላቸው አገሮች ወደ ባሕር የመድረስና ዕቃቸውን በጎረቤት አገር በኩል የማስተላለፍ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፣ ዝርዝሩን ግን ከጎረቤት ጋር ለሚደረግ ስምምነት ይተወዋል።

ስለ ሀብቱም ሕጉ ጨርሶ ዝም አላለም። አንቀጽ 69 የባሕር በር የሌለው አገር በዚያው አካባቢ ካሉ ባለ ጠረፍ አገሮች ቀጣና ውስጥ፣ ከተፈቀደው የዓሣ መጠን ባለ ጠረፉ ራሱ አጥምዶ የማይጨርሰውን ትርፍ በፍትሐዊነት የመካፈል መብት እንዳለው ይናገራል። ወሰኑን ግን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። መብቱ ሕይወት ባላቸው ሀብቶች፣ በዋናነት በዓሣ ላይ ብቻ ነው፤ ጋዝና ነዳጅን አይጨምርም። ትርፉ ስንት እንደሆነ የሚወስነው ባለ ጠረፉ አገር ነው፤ እርሱ ሳይስማማ ውሳኔውን ዳኛ ፊት ማቅረብም አስቸጋሪ ነው። ኢኮኖሚው በእጅጉ በዓሣ ላይ የተመሠረተ አገር ከዚህ ግዴታ ነጻ የሚሆንበት አንቀጽም አለ። የሚመለከታቸው አገሮች ካልተስማሙ በስተቀር መብቱን በኪራይ ወይም በፈቃድ ለሌላ አገር አሳልፎ መስጠት አይቻልም። ከሐይቅና ከአርዲቦ ሐይቆች በሚወጣ ዓሣ ለሚገበያይ አካባቢ ይህ ትንሽ ነገር አይመስለኝም።

የሚገርመው ደግሞ ከቅርቡ ባሕር ይልቅ በሩቁ ያለን መብት የሰፋ መሆኑ ነው። ከሁሉም አገሮች የባሕር ክልል ውጭ ያለው የውቅያኖስ ወለል «የሰው ልጆች የጋራ ቅርስ» ተብሏል፤ ሐሳቡን የማልታው አምባሳደር አርቪድ ፓርዶ በ1967 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ አቅርበውት ነበር። በሃዋይና በሜክሲኮ መካከል ባለው ጥልቅ ወለል ላይ ኒኬል፣ ኮባልት፣ መዳብና ማንጋኒዝ ያዘሉ ድቡልቡል ድንጋዮች ተበትነዋል። ከእነርሱ የሚገኘው ጥቅም ባለ ጠረፍ ወይም ያለ ጠረፍ ሳይባል ለሰው ልጆች ሁሉ መዋል እንዳለበት፣ ለታዳጊ አገሮችም የተለየ ትኩረት እንደሚሰጥ ስምምነቱ ይደነግጋል። ይህን የሚያስተዳድረው በጃማይካ ኪንግስተን የተቀመጠው ዓለም አቀፍ የባሕር ወለል ባለሥልጣን ነው። አባላቱም ስምምነቱን ያጸደቁ ወገኖች ናቸው።

ይህን ሁሉ ለትራንዚተሩ በሚገባው መንገድ ሳስረዳው በጥሞና ሰማኝና «እኛ ፈርመናል?» ሲል ጠየቀኝ። ኢትዮጵያ ስምምነቱ ለፊርማ በቀረበበት በ1982፣ አሰብና ምጽዋ በእጇ ሳሉ፣ ፈርማለች፤ አላጸደቀችውም። በሕገ መንግሥቱ መሠረት አስፈጻሚው አካል የሚያደርጋቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የማጽደቅ ሥልጣን የተሰጠው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው።