«51 በመቶ» ሲባል የምኑ 51 በመቶ ነው?

አሜሪካ ውስጥ «ላይት ስፖርት» የሚባለውን ትንሽ አውሮፕላን ጋራዡ ውስጥ ሊሠራ የተነሳ ሰው ቶሎ ግራ የሚጋባው በዚህ ቁጥር ነው፦ አውሮፕላኑ «በአማተር የተሠራ» እንዲባል 51 በመቶው በአማተር መሠራት አለበት ይባላል። ብዙዎች የዋጋው ወይም የሰዓቱ ግማሽ ይመስላቸዋል። አይደለም። የሚቆጠረው ሥራው ነው። የአቪዬሽን ተቆጣጣሪው ኤፍኤኤ የሥራዎች ዝርዝር አለው። የክንፍ ሪብ (የክንፉን ቅርጽ የሚይዘው የውስጥ አጥንት) መሥራት፣ ቆርቆሮ መብሳት፣ ሪቬት (ቆርቆሮ ማያያዣ ሚስማር) መምታት፣ የመሪ ገመድ መዘርጋት። ከዝርዝሩ አብላጫው በአማተር እጅ፣ ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ተብሎ መሠራት አለበት። ቀለም መቀባትና ወንበር ማልበስ አይቆጠርም፣ ወራት ቢፈጅ እንኳ! ሞተሩን ግን ገዝተህ ብትገጥም ችግር የለውም።

ነገሩን የሚያወሳስበው ሌላ መንገድ መኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ደንብ «ኤክስፐሪመንታል ላይት ስፖርት» የሚባል ምድብ አመጣ። እዚህ 51 በመቶ የሚባል ነገር የለም። የአውሮፕላኑን መገጣጠሚያ ዕቃ የሚሸጥልህ ፋብሪካ 90 በመቶውን ጨርሶ ሊልክልህ ይችላል። በምትኩ ልክ መመሪያው እንዳለው ትገጥማለህ። የአውሮፕላኑ የበረራ ብቃት ሰርተፍኬት እስኪሰጥህ ድረስ ያለ ፋብሪካው ፈቃድ ምንም አትቀይርም።

እኔ ብሆን የምሸጥበትንም ቀን አስቤ ነው የምመርጠው። በ51 በመቶው መንገድ የሠራ ሰው ዓመታዊ ፍተሻውን ራሱ የሚፈርምበት ፈቃድ ማግኘት ይችላል። ገዢው ግን ያን ፈቃድ አይወርስም፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ድረስ መካኒክ መጥራት ነበረበት። በሁለተኛው ምድብ አዲሱም ባለቤት አጭር ኮርስ ወስዶ የራሱን አውሮፕላን መፈተሽ ይችላል።

የመጀመሪያውን ከመረጥክ ከመጀመሪያዋ ሪቬት ጀምረህ ፎቶ አንሳ፣ ቀኑንም ጻፍ። ሥራው የራስህ መሆኑን ለተቆጣጣሪው የምታሳየው በእሱ ነው።