ራም ዲስክ በማይኒክስ ላይ

ራም ዲስክ ማለት ከራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ ዳታ ለጊዜው ከሚይዝበት ማስታወሻ) ላይ የተወሰነ ቦታ ተወስዶ እንደ ዲስክ ሲያገለግል ነው። ፕሮግራሞች ልዩነቱ አይታወቃቸውም፤ እንደ ወትሮው ፋይል ይከፍታሉ፣ ያነባሉ፣ ይጽፋሉ። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ግን የተቀመጠው ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

ብዙ ሰው ራም ዲስክን የሚያውቀው በፍጥነቱ ነው። በማይኒክስ ላይ ግን ዋናው ቁም ነገር ፍጥነት አይደለም። ማይኒክስ የኮምፒውተር ሳይንስ ፕሮፌሰሩ አንድሩ ታነንባም አምስተርዳም ውስጥ ሲያስተምሩ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጡት ዩኒክስ የተባለውን የቆየ ሲስተም የሚመስል ትንሽ ኦፕሬቲንግ ሲስተም (ኮምፒውተሩን የሚመራ ዋና ፕሮግራም) ነው። ያኔ ሃርድ ዲስክ የሌለው ኮምፒውተር ብዙ ነበር። ስለዚህ ሲስተሙ ሲነሳ ዋናው የፋይል ሲስተም (ፋይሎቹ የተደራጁበት መዋቅር) ከፍሎፒ፣ ማለትም ከትንሽ ተነቃይ ዲስክ፣ ወደ ራም ይገለበጥ ነበር፤ ከዚያ ፍሎፒው ወጥቶ ሌላ ይገባ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ማይኒክስ 3 ደግሞ ሌላ ምክንያት አለው። እዚህ ድራይቨሮች (እንደ ዲስክ ያሉ ዕቃዎችን የሚያሠሩ ፕሮግራሞች) ከከርነሉ፣ ማለትም ከሲስተሙ እምብርት፣ ውጭ እንደ ተራ ፕሮግራም ነው የሚሠሩት። የዲስኩ ድራይቨር ራሱ ዲስኩ ላይ ቢቀመጥ ማን ያነበዋል? ቁልፉን ሳጥኑ ውስጥ ቆልፎ እንደ መውጣት ነው። መፍትሔው ከሲስተሙ ጋር አብሮ የሚጫን ትንሽ ራም ዲስክ ሆነ። አስፈላጊዎቹ ድራይቨሮች ከእሱ ይነሳሉ፣ ከዚያ እውነተኛው ዲስክ ይከፈታል። በጣም የሚያምር አሠራር ነው።

ውስጡም ቀላል ነው። የራም ዲስኩ ድራይቨር የተጠየቀውን ቦታ ከራም ዲስኩ መነሻ አድራሻ ጋር ይደምርና ዳታውን ይገለብጣል። የሚሽከረከር ነገር የለም፣ መጠበቅም የለም።

የራስዎን ለመሥራት ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ሆነው ይግቡ። «ራምዲስክ» (ramdisk) ለሚባለው ትዕዛዝ መጠኑን በኪሎባይት ይስጡት፤ ለ64 ሜጋባይት 65536 ማለት ነው። ቀጥሎ የትኛው የራም ዲቫይስ (ሲስተሙ ራም ዲስኩን የሚያውቅበት ስም) እንደሆነ ይጻፉ። ከዚያ የማይኒክስን የፋይል ሲስተም ይፍጠሩበትና ባዶ ፎልደር ላይ ማውንት ያድርጉት፤ ማለትም በፎልደሩ በኩል እንዲከፈት ያገናኙት። በቃ፣ ሥራ ጀመረ። መጠኑን መቀየር ካስፈለገ መጀመሪያ የሚያስፈልግ ፋይል ካለ ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ፤ ከዚያ ማውንቱን ያንሱ።

ራም ጠባብ ከሆነ ግን አይመከርም። ለራም ዲስኩ የሰጡት ቦታ ከሌሎች ፕሮግራሞች የተቀነሰ ነው። ፋይል ሲስተሙም በቅርቡ የተነበበውን ዳታ በራሱ ካሽ (ራም ላይ ባለ ጊዜያዊ መያዣ) ስለሚይዝ፣ በንባብ በኩል ያን ያህል ትርፍ ላይታይ ይችላል። በደንብ የሚጠቅመው ፕሮግራም ኮምፓይል ሲደረግ (ኮዱ ወደ ማሽን ቋንቋ ሲለወጥ) ለሚፈጠሩ ጊዜያዊ ፋይሎች ነው። ሁልጊዜ እንዲኖር ከፈለጉ ትዕዛዞቹን ሲስተሙ ሲነሳ የሚሠራ ስክሪፕት (ትዕዛዞች የተጻፉበት ፋይል) ውስጥ ያስገቧቸው።