ኦፕቲማል ኮንትሮል በኮምፒውተር የሚሰላው እንዴት ነው?

ከኮምቦልቻ ደሴ የሚወጣ ጭነት መኪና ሐረጎ ዳገት ላይ ሲያቃስት ሰምታችሁ ይሆናል። ከታች እስከ ላይ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ አለ። ሾፌሩ ማርሽ መቼ ይቀይር? ነዳጅ የት ይርገጥ፣ የት ይልቀቅ? በሰዓቱ መድረስ አለበት፣ ነዳጅም መቆጠብ አለበት። አንድን ማሽን እንዴት ብናዘው በትንሹ ወጪ ግቡ ይደርሳል የሚለው ይህ ጥያቄ ነው ኦፕቲማል ኮንትሮል የሚባለው። ለሮኬትም፣ ለፋብሪካ ሮቦትም ጥያቄው ያው ነው።

ከባዱ ነገር ትእዛዙ በየቅጽበቱ መሆኑ ነው፤ ቅጽበት ደግሞ ተቆጥሮ አያልቅም። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሶቪየት ውስጥ ፖንትሪያጊን፣ አሜሪካ ውስጥ ቤልማን የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት ትክክለኛው መልስ የሚታወቅበትን ሕግ አወጡ። ግን መንገዱ ሲጠማዘዝና ጭነቱ ሲከብድ ሕጉን በእስክሪብቶ መፍታት የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ጊዜውን እንቆራርጠዋለን። በአንድ ቁራጭ ውስጥ ግፊቱ አይለወጥም ብለን እንነሳለን። ያኔ የሚፈለጉት ጥቂት ቁጥሮች ብቻ ይሆናሉ።

እስቲ እናስላው። ሰበቃ በሌለበት ሜዳ የቆመ 1 ኪሎ ግራም ጋሪ በ1 ሰከንድ 1 ሜትር ሄዶ ቀጥ ይበል። ወጪው የግፊቱ ካሬ በጊዜው ላይ ተደምሮ ይሁን። 2 ቁራጭ ብቻ ከሰጠነው ምርጫ የለውም፦ ግማሹን ጊዜ በ4 ኒውተን መግፋት፣ ግማሹን በ4 ኒውተን መያዝ። ወጪው 16። 10 ቁራጭ ሲሰጠው 12.12 ይወርዳል። ቁራጭ ምንም ቢበዛ ዝቅተኛው ወጪ 12 ነው፤ እሱም በ6 ኒውተን ተነስቶ፣ ግፊቱን እኩል እየቀነሰ፣ መሀል ላይ ዜሮ አድርጎ፣ በ6 ኒውተን ፍሬን የሚጨርሰው ነው። በ10 ቁራጭ ከመቶ አንድ ብቻ መሳት፣ በእውነት አይከፋም!

ቁራጭ ማብዛት ግን ሁሉንም አይፈታም። ሜካኒካል ነገር ላይ እንቅስቃሴው ከቁራጭ ወደ ቁራጭ የሚሰላበት መንገድም ወሳኝ ነው። ቀላሉን የኦይለር ዘዴ (ቀጣዩን ቦታና ፍጥነት ከአሁኑ ብቻ የሚያሰላውን) ፔንዱለም ላይ ሞክሩት፤ ማንም ሳይነካው መወዛወዙ እየሰፋ ይሄዳል። ኢነርጂ ከሰማይ ወረደለት ማለት ነው። በዚህ ሒሳብ ቢታቀድ የኛ አይሱዙም ሐረጎን በነጻ ነዳጅ ይወጣል! ቫሪዬሽናል ኢንተግሬተር የሚባሉት ዘዴዎች ለዚህ መላ አላቸው። የሚቆራርጡት የእንቅስቃሴውን እኩልታ አይደለም፤ እኩልታው የተገኘበትን የአክሽን መርህ ራሱን ነው (ከኢነርጂ የሚሰላው ‘አክሽን’ የተባለ የጉዞው ድምር፣ እውነተኛው መንገድ በጥቂቱ ቢነካካ አይለወጥም የሚለውን ሕግ)። ስለዚህ ረጅም ጊዜ ቢሰላም ኢነርጂው ብዙ አይዛነፍም። ለ1 ሰከንዱ ጋሪ ግን ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም።