ናካጎ ምንድን ነው?

ጃፓኖች ናካጎ የሚሉት የጎራዴን ግርጌ ነው፤ እጀታው ውስጥ ተሰንቅሮ የሚቀመጠውን፣ ስለት የሌለውንና የማይወለወለውን የብረት ክፍል። ጎራዴው በአፎቱ ሳለ አይታይም፤ ቢመዘዝም አይታይም። የጥንት የጃፓን ጎራዴ መሰብሰብ የጀመረ ሰው ዐይኑን የሚስበው የስለቱ ማብረቅረቅ፣ በእጀታው ላይ የተጠመጠመው ሐርና የአፎቱ ቀለም ነው። የቆየ ሰብሳቢ ግን ከሁሉ አስቀድሞ እጀታውን አውልቀው እንዲያሳዩት ይጠይቃል። ዕድሜውን፣ የሠሪውን ቤት፣ ተቆርጦ ማጠር አለማጠሩን፣ አንዳንዴም ሐሰተኛነቱን አፍ አውጥቶ የሚናገረው ይህ የዛገ ቁራጭ ነውና።

ማውለቁ ቀላል ነው። እጀታውን ከብረቱ ጋር አጽንታ የምትይዘው መኩጊ የምትባል አንዲት የቀርከሃ ችንካር ናት። በትንሽ የናስ መዶሻ ተገፍታ ትወጣለች። ቀጥሎ የእጀታው ጫፍ በግራ እጅ ይያዛል፤ ጎራዴው ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የግራው አንጓ በቀኝ እጅ ጡጫ ቀስ ተደርጎ ይመታል። ጥቂት ከተመታ በኋላ ብረቱ ከእጀታው ተላቅቆ ከፍ ይላል። እምቢ ካለ ማስገደድ አይገባም፤ ለሚያውቅ ሰው መተው ይሻላል።

አሁን ናካጎው ወጥቷል፤ ዝጓልም። የአዲስ ሰብሳቢ የመጀመሪያ ሐሳብ «ላጽዳው» የሚል ነው። ከዚህ የከፋ ስሕተት መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሠሪው ናካጎውን ሳያስወለውል የተወው ሆን ብሎ ነው። ዝገቱ በየትውልዱ እየጠቆረና እየረጋ ይሄዳል፤ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ናካጎ ወደ ጥቁር ያደላ ነው፣ ሲዳሰስም ይለሰልሳል፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ገና ቡናማ ነው፣ የሞረዱ ፈለግም ጥርት ብሎ ይነበባል። ብርቱካንማ ሆኖ የሚፈረፍር ዝገት ከታየ በቅርቡ እርጥበት አግኝቶታል፣ ወይም አንድ ሰው በኬሚካል ሊያስረጀው ሞክሯል። ናካጎውን በብርጭቆ ወረቀት የፈገፈገ ሰው ብዙ መቶ ዓመታት የጻፉትን ማስረጃ በአንድ ከሰዓት ይደመስሳል፤ የጎራዴውም ዋጋ አብሮ ይወድቃል። ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚሸተው ቾጂ የተባለው ዘይት የሚቀባው ለስለቱ ነው።

ከዝገቱ ሥር ያሱሪሜ የሚባለው የሞረድ ፈለግ አለ። እጀታው እንዳይንሸራተት ያግዛል፤ ለሰብሳቢ ግን ከዚህ በላይ ነው፤ አቅጣጫው የየሠሪው ቤት ልማድ ነበር። አንዳንዱ አግድም ይሞርዳል፣ አንዳንዱ ያዘቀዝቃል፤ በሚኖ ግዛት ሠሪዎች ዘንድ ደግሞ «የጭልፊት ላባ» የተባለው፣ ከመሐል ወደ ሁለት ጎን የሚወርደው አሞራረድ የተለመደ ነበር። በናካጎው ላይ የተቀረጸው ስም የአንዱ ቤት፣ አሞራረዱ የሌላው ቤት ከሆነ አንዱ እየዋሸ ነው። ሞረዱ መዋሸቱ ብርቅ ነው።

የችንካር ቀዳዳ ከአንድ በላይ ከሆነስ? ብዙ ጀማሪ ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል፤ ነገሩ ግን ታሪክ ነው። በካማኩራ ዘመን፣ ከ1185 እስከ 1333 ድረስ፣ በፈረስ የሚዋጋው ተዋጊ ረጅም ጎራዴ ስለቱን ወደ ታች አድርጎ ከወገቡ ያንጠለጥል ነበር። በኋላ በእግር መዋጋት ሲበረታ ጎራዴው ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ ቀበቶ ውስጥ መሻጥ ጀመረ፤ ርዝመቱም አስቸገረ። ያን ጊዜ አሮጌዎቹ እንዲያጥሩ ተደረገ። የሚቆረጠው ግን ከግርጌ ነው፤ ጫፉን መቁረጥ በእሳትና በውሃ የጠነከረውን ክፍል ማጣት ነውና። ከታች ሲቀነስ የስለቱ መነሻ ወደ ላይ ይገፋል፣ አዲስ ቀዳዳም ይበሳል። በብዛት ከተቆረጠ የሠሪው ስም ራሱ ከብረቱ ጋር ይሄዳል፤ ይህ ኦ-ሱሪያጌ ይባላል። ስለዚህ ስም የሌለበት ሁሉ ርካሽ አይደለም። በሳጋሚ ግዛት የሠራው ታላቁ ማሳሙኔ እንኳ ስሙን ቀርጾባቸው እስከ ዛሬ የደረሱት ሥራዎቹ ጥቂቶች ናቸው።

ስሙ ካለስ? ሜይ ይባላል፤ በመሮ ጭረት በጭረት ይቀረጻል። ሙሉው ሲሆን ግዛቱን፣ መንደሩንና ስሙን ይይዛል፤ ለምሳሌ በዝናው የታወቀውን የቢዘን ግዛት ኦሳፉኔ። በጀርባው ዓመተ ምሕረቱና ወሩ ሊኖር ይችላል፤ በብዛት ሁለተኛው ወይም ስምንተኛው ወር። አንድ የሚያስጠነቅቅ ነገር ግን አለ፤ ስሙ በገነነ ቁጥር ጥርጣሬ መጨመር አለበት። በኤዶ ዘመን፣ ከ1603 እስከ 1868፣ ጎራዴ የመሳፍንት ስጦታ ስለነበር ታዋቂ ስም ከሥራው ይልቅ ተፈላጊ ሆነ፤ የሐሰት ስም የሚቀርጽም በዛ። ኮተትሱ የተባለው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሠሪ ስማቸው በሐሰት በብዛት ከተቀረጸ ሠሪዎች አንዱ ነው። በኤዶ ዘመን መጨረሻ የኪዮቶን ጸጥታ ያስጠብቅ የነበረው የሺንሰንጉሚ ጓድ አዛዥ ኮንዶ ኢሳሚ ኮተትሱ ታጥቋል ይባላል፤ ያም ሐሰተኛ ነበር የሚሉ ብዙዎች ናቸው። አጉልቶ በሚያሳይ መስተዋት በጭረቶቹ ውስጥ ያለው ዝገት ከዙሪያው ጋር አንድ መሆኑን ማየት ይጠቅማል፤ አሮጌ ናካጎ ላይ የሚያብለጨልጭ ጭረት ከተገኘ ነገሩ አልቋል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የመኮንኖች ጎራዴ ጉዳይም የሚፈታው በናካጎ ነው። ጃፓን በ1876 ጎራዴ በአደባባይ መታጠቅን ከከለከለች በኋላ፣ በ1930ዎቹ ሠራዊቱ በብዛት አሠራ። በ1945 የአሜሪካ ወታደሮች ብዙውን ወደ አገራቸው ይዘው ስለገቡ እዚያ የሚኖሩ አንባቢዎች በሽያጭ ላይ የሚያገኙት አብዛኛውን ጊዜ ይህን ነው። ናካጎው ላይ ከስሙ አጠገብ ትንሽ የተመታ ማኅተም ካለ ምናልባት ግሎ በውሃ ፈንታ በዘይት የተነከረ የጦርነት ምርት ነው፤ ጃፓን ይህን ዓይነቱን እንደ ጥበብ ሥራ አትመዘግብም። ግን አንዳንድ መኮንኖች የአያቶቻቸውን ጥንታዊ ብረት በወታደራዊ እጀታና አፎት አድሰው ይዘምቱ ነበር። ውጪው አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱን እጀታው ሳይወልቅ ማወቅ አይቻልም።

ገንዘቡ ለጎራዴ የማይደርስ ሰው በፁባ፣ ማለትም በእጀታና በስለት መካከል በሚገባው የእጅ መከላከያ ቢጀምር አልቃወምም። የተቀረጸ የብረት ፁባ በመዳፍ የሚያዝ የጥበብ ሥራ ነው፤ ዝገቱንም አለመነካካት እንደ ናካጎ ያው ነው።

ጎራዴ የሚገዛ ሰው ሻጩን የናካጎውን ሁለቱንም ጎን ፎቶግራፍ ይጠይቅ። በርካታ የስለት ሥዕል ልኮ ናካጎውን የሚዘል ሻጭ ካጋጠመ ገንዘቡን ኪሱ ውስጥ ያቆይ። በ1948 የተቋቋመው የጃፓን ጥበባዊ ጎራዴዎች ጥበቃ ማኅበር የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ካለም ወረቀቱ ላይ የሚለጠፈው ፎቶግራፍ የናካጎው ነው፤ ቀዳዳውን ከቀዳዳ፣ ዝገቱን ከዝገት፣ ጭረቱን ከጭረት ማስተያየት ይቻላል። ጃፓን ውስጥ ያለ ጎራዴ ደግሞ ቶሮኩሾ የተባለ የመመዝገቢያ ካርድ አለው፤ ርዝመቱ፣ ጉብጠቱ፣ የቀዳዳው ብዛትና የተቀረጸው ስም ይሰፍርበታል። ከአገር ሲወጣ ግን ካርዱ ተመላሽ ይደረጋል፤ በምትኩ የመውጫ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ላይ የሚሸጥ ጎራዴ ቶሮኩሾ ባይኖረው አያስደንቅም፤ የመውጫ ፈቃዱን ቅጂ መጠየቅ ግን ደንብ ነው።